የ29 ጎሉ አጥቂ በፕሪቶሪያ ለምን ከበደው?

የቡናው ኮከብ አቡበከር ናስር በማሜሎዲ ሰንዳውንስ የገጠመው ፈተና የአንድ ተጫዋች ብቻ አይደለም

በ2013 ዓ.ም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ ከከተማ ከተማ እየዞረ ሲካሄድ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋና ሐዋሳ አንድ ስም ደጋግመው ሰምተዋል። አቡበከር ናስር! የኢትዮጵያ ቡናው አጥቂ በዚያ ዓመት 29 ጎሎችን ከመረብ አሳርፏል። ሊጉ በ13 ክለቦች መካከል ስለተካሄደ አንድ ቡድን የሚያደርገው 24 ጨዋታ ብቻ ነበር። ስሌቱ ቀላል ነው፤ በአማካይ በእያንዳንዱ ጨዋታ ከአንድ ጎል በላይ ማለት ነው። የእነ ዮርዳኖስ ዓባይና ጌታነህ ከበደ የአንድ ዓመት የጎል ክብረ ወሰን ሁሉ ከኋላው ቀረ። ዋንጫውን የጎንደሩ ፋሲል ከነማ ለመጀመሪያ ጊዜ ቢወስደውም የዓመቱ መነጋገሪያ ግን ሁለተኛ የወጣው የኢትዮጵያ ቡና አጥቂ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። ሊጉ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመረው በዚያው ዓመት ነው። ቀድሞ በስታዲየሙ ውስጥ ባለ ሰው አፍ ብቻ ይወራ የነበረ ጎል አሁን በጆሃንስበርግና በፕሪቶሪያ ሳሎኖች ውስጥም መታየት ቻለ። ከአንድ ዓመት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም ክረምት፣ የደቡብ አፍሪካው ኃያል ክለብ ማሜሎዲ ሰንዳውንስ የ22 ዓመቱን አጥቂ ወሰደው። ቡናማዎቹ ደጋፊዎች ልጃቸውን በኩራትም በቅሬታም ሸኙ። «እዚያ ደርሶ አፍሪካን ያሳያታል» ያለው ብዙ ነበር።

ጅምሩም የሚያስደስት ነበር። በነሐሴ 2014 ዓ.ም ሰንዳውንስ ባላንጣውን ካይዘር ቺፍስን 4 ለ 0 ሲያንኮታኩት ከጎል አስቆጣሪዎቹ አንዱ አቡበከር ሆነ። በደቡብ አፍሪካ ቺፍስ ላይ ጎል ማግባት እዚህ በሸገር ደርቢ እንደማግባት ነው፤ ስምህ በአንድ ምሽት ይታወቃል። አዲስ አበባም በደስታ ሰከረች። ከዚያ በኋላ ግን የሚጠበቀው ጎርፍ ሳይመጣ ቀረ። አቡበከር ቋሚ ተሰላፊ መሆን አልቻለም፤ ብዙውን ጊዜ ከተጠባባቂ ወንበር ላይ ነበር የሚታየው። በኋላም ጉዳት አልራራለትም። በየካፌው «ምን ነካው?» የሚለው ጥያቄ የሰላምታ ያህል ተለመደ።

በእርግጥ ምን ነካው? አቅም አንሶት ነው? ወይስ አሰልጣኞቹ ጠልተውት? የነገሩ ሥር ያለው ከሁለቱም ራቅ ብሎ፣ በሜዳው ሣር ላይ ነው።

ሁለቱም ኳስ ይነካካሉ፤ ግን…

ዝውውሩ ሲሰማ ብዙ ሰው «የተመቸው ቦታ ነው የሄደው» ብሎ ነበር። ምክንያቱም ሁለቱም ቡድኖች ኳስ ይዘው የሚጫወቱ ናቸው። ኢትዮጵያ ቡና በቀድሞው አማካዩ፣ በአሰልጣኝ ካሳዬ አራጌ ዘመን ከግብ ጠባቂው ጀምሮ በአጭር ቅብብል የሚወጣ ቡድን ነበር። ካሳዬ ረጅም ኳስ አይወድም። ተከላካዮቹ ሲሳሳቱና ጎል ሲቆጠርባቸው እንኳ ሐሳቡን አልቀየረም። በዚያን ጊዜ የዋሊያዎቹ አሰልጣኝ የነበረው ውበቱ አባተም ቢሆን ኳስ መሥርቶ በመጫወት የሚያምን ነው፤ ኢትዮጵያ ቡናን በ2003 ዓ.ም ለሊግ ዋንጫ ያበቃውም እሱ ነው። ስለዚህ አቡበከር በክለቡም በብሔራዊ ቡድኑም አንድ ዓይነት ቋንቋ ሲናገር ነበር ማለት ይቻላል።

ሰንዳውንስም በቅብብል የሚታወቅ ነው። ቢጫና ሰማያዊ ማልያው ከአጨዋወቱ ጋር ተዳምሮ «ብራዚላውያኑ» የሚል ቅጽል ስም አሰጥቶታል። ታዲያ ኳስ ከሚነካካ ቡድን ወደሌላ ኳስ የሚነካካ ቡድን የሄደ ተጫዋች ለምን ይቸገራል?

እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው የሚባለው። መቀባበል ሁሉ አንድ አይደለም። ጥያቄው ቡድኑ የሚቀባበለው ለማን ሲል ነው የሚለው ነው። ቡና ውስጥ የቅብብሉ መድረሻ አቡበከር ነበር። ተጋጣሚው ቡናን ለመጫን ወደፊት ሲወጣ ከጀርባው ሰፊ ሜዳ ይከፈታል። ኳሷ ሦስት አራት እግር ነክታ ከመሐል ስታልፍ አቡበከር ፊቱን ወደ ጎል አዙሮ ይቀበላታል። ከዚያ በኋላ ያለው የእሱ ጉዳይ ነው፤ አንድ ተከላካይ ያልፋል፣ ወደ ውስጥ ይቆርጣል፣ ይመታል። ቢያጠፋም ኳሷ ተመልሳ ወደ እሱ እንደምትመጣ ያውቃል። ቡድኑ የተሠራው እሱ ጎል እንዲያገባ ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ፕሪቶሪያ ላይ ግን ሥዕሉ ተገለበጠ። ሰንዳውንስ በአገሩ ሊግ ላይ የነገሠ ክለብ ነው። በ2022/23 የውድድር ዘመን ዋንጫውን ሲያነሳ በተከታታይ ለስድስተኛ ጊዜ ነበር። እንዲህ ያለውን ቡድን የሚገጥም ክለብ ወደፊት ወጥቶ አይጫንም፤ አውቶቡሱን በር ላይ አቁሞ ይጠብቃል። ከተከላካዮች ጀርባ የሚሮጥበት ሜዳ የለም። አጥቂው ኳስ የሚያገኘው ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ፣ አንድ ተከላካይ ጫንቃው ላይ ተለጥፎበት፣ ሌላው ከፊት እየመጣበት ነው። በአንድ ንክኪ መልሶ ሰጥቶ ለሌላው ሰው ቦታ መክፈት አለበት። አንዳንዴ የአጥቂው ትልቁ ሥራ ኳስ ሳይነካ ተከላካይ ጎትቶ መውሰድ ነው። ለዚህ ደግሞ ከደጋፊ ጭብጨባ አይገኝበትም።

ኳስ ሲጠፋ የሚጀምረው ሥራ

ሁለተኛው ልዩነት ኳሷ ስትጠፋ የሚመጣው ነው። በሩላኒ ሞክዌና የተመራው ሰንዳውንስ ኳስ ካጣ ወደኋላ ሮጦ መከላከል አይወድም። እዚያው ባጣበት ቦታ፣ ወዲያው፣ በሦስትና በአራት ሰው ከቦ መልሶ መንጠቅን ይመርጣል። ለዚህ ዓይነቱ ጨዋታ የመጀመሪያው ተከላካይ አጥቂው ነው። መቼ መሮጥ እንዳለበት፣ የተጋጣሚን ተከላካይ ወደየትኛው መስመር መግፋት እንዳለበት፣ የትኛውን የቅብብል መንገድ በጀርባው መዝጋት እንዳለበት ማወቅ ግድ ነው። አንድ ሰው ሁለት ሰከንድ ከዘገየ የሌሎቹ ልፋት ሁሉ ገደል ይገባል።

ሞክዌና በ2022 ጥቅምት ወር ላይ ብቻውን ዋና አሰልጣኝ ከመሆኑ በፊት ክለቡን ከማንቆባ ምንግቂቲ ጋር በጋራ ሲመራ ነበር፤ ስቲቭ ኮምፌላም አብሯቸው ይሠራ ነበር። ስለዚህ አቡበከር ገና ሻንጣውን ፈትቶ ሳይጨርስ የአሰልጣኞች መዋቅር ተለወጠ። አዲስ ለመጣ ተጫዋች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ያስመጡት ሰዎች የነበራቸው ዕቅድና ቀጥሎ የመጣው ዕቅድ ሁልጊዜ አንድ ላይ አይገጥሙም።

በኢትዮጵያ ሊግ አብዛኛው አጥቂ ኳስ ሲጠፋ ያርፋል። ይህ ነቀፌታ አይደለም፤ ጨዋታው የሚፈቅደው እንደዚያ ስለሆነ ነው። ፍጥነቱ ዝግ ያለ ነው፤ ሜዳው ብዙ ጊዜ አባጣ ጎርባጣ ነው፤ ለጎል አስቆጣሪው ጉልበቱን እንዲቆጥብለት አሰልጣኙም ይፈልጋል። በዚህ ልማድ ያደገ ልጅ በ22 ዓመቱ ድንገት «ከአሁን በኋላ መጀመሪያ ንጠቅ፣ ከዚያ አግባ» ሲባል እግሩ እሺ ቢል እንኳ አእምሮው ጊዜ ይፈልጋል።

ወንበሩ ጠባብ፣ ተሻሚው ብዙ

ሦስተኛው ችግር የፉክክሩ ነው። አቡበከር ሊቀመጥበት የሄደው ወንበር ባዶ አልነበረም። ናሚቢያዊው ፒተር ሻሉሊሌ ከእሱ በፊት በነበረው የ2021/22 የውድድር ዘመን በሊጉ 23 ጎል አስቆጥሮ የወጣ አጥቂ ነው። ሻሉሊሌ ጎል ባያገባ እንኳ ሲሮጥ ይውላል፤ ሲያሳድድ ይውላል። አሰልጣኝ እንዲህ ያለውን ሰው ለማስቀመጥ ልቡ አይደፍርም። በዚያው ዓመት ደግሞ ከክለቡ የታዳጊዎች ቡድን ያደገው ካሲየስ ማይሉላ ድንገት ፈነዳ። ማይሉላ የሰንዳውንስን አጨዋወት ጠጥቶ ያደገ ነው፤ ማንም ሊያስተምረው አላስፈለገም። በ2023 ለካናዳው ቶሮንቶ ኤፍሲ እስከመሸጥ ደረሰ። አንድ ክለብ ውስጥ ሁለት አጥቂዎች፣ አንዱ ከውጭ የመጣ የ29 ጎል ባለቤት፣ ሌላው ስሙ ያልታወቀ የቤት ልጅ። አሸናፊው የቤቱን አመል የሚያውቀው ሆነ።

በዚህ ላይ የደቡብ አፍሪካ ሊግ ክለቦች የሚያስመዘግቡትን የውጭ ዜጋ ቁጥር በአምስት ይገድባል። ሰንዳውንስ ደግሞ ከኡራጓይ ጋስቶን ሲሪኖን፣ ከቦሊቪያ ኤርዊን ሳቬድራን፣ ከቺሊ ማርሴሎ አሌንዴን፣ ከሞሮኮ አብደልሙናኢም ቡቱዊልን፣ ከኬንያ ብራያን ኦንያንጎን የመሳሰሉ ተጫዋቾች የሰበሰበ ቤት ነው። ስለዚህ የውጭ ተጫዋች የሚፎካከረው ከቦታው ተጋሪ ጋር ብቻ አይደለም፤ ከሌላው ተከላካይና አማካይ ጋር ጭምር በወረቀት ይሻማል። «ቀስ ብሎ ይለምዳል» የሚል ትዕግሥት ለእንዲህ ያለ ክለብ ውድ ነው።

ስለ አየሩ የተባለው ሁሉ ግን ብዙም አያስኬድም። ፕሪቶሪያ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ። ትንፋሽ ያጠረው በከፍታ ምክንያት ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ከአየሩ ይልቅ የከበደው ቋንቋው ነው ቢባል ይቀርባል። በጨዋታ መሐል ከጀርባ «ዙር!»፣ «ሰው አለብህ!»፣ «ልቀቃት!» የሚል ድምፅ በሚሰማህ ቋንቋ ካልሆነ ግማሽ ሰከንድ ትዘገያለህ። የልምምድ ሰሌዳ ላይ የሚሳለው ቀስት ለሁሉም አንድ ነው፤ ማብራሪያው ግን በእንግሊዝኛ፣ የመልበሻ ክፍሉ ቀልድም በአገሬው ቋንቋዎች ነው። እየሳቁ ያሉ ሰዎች መሐል ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ ከየትኛውም ልምምድ በላይ ያደክማል።

ከእሱ በፊትም መንገዱ ጠመዝማዛ ነበር

አቡበከር የመጀመሪያው አይደለም። ከዚያው ከኢትዮጵያ ቡና የወጣው አማካይ ጋቶች ፓኖም በ2009 ዓ.ም ክረምት ወደ ሩሲያው አንዢ ማካችካላ ሲያመራ አገር ጉድ ብሎ ነበር። በዳግስታን ግን ብዙም ሳይሰለፍ ተለያየ። የፋሲል ከነማው ሙጂብ ቃሲም ከሻምፒዮንነቱ ማግስት በ2021 ወደ አልጄሪያው ጄኤስ ካቢሊ ሄዶ ሳይደላደል ተመለሰ። ጌታነህ ከበደ በደደቢት ጎል ሲያዘንብ ቆይቶ በ2013 እ.ኤ.አ ወደ ደቡብ አፍሪካው ቢድቬስት ዊትስ ሲገባ እዚያም በሊጋችን እንደለመደው አልዘነበለትም።

የተሳካላቸውም አሉ። ሽመልስ በቀለ በግብፅ ሊግ ከፔትሮጄት ጀምሮ ለበርካታ ዓመታት ተፈላጊ ሆኖ ኖሯል። ፍቅሩ ተፈራ በኦርላንዶ ፓይሬትስና በሱፐርስፖርት ዩናይትድ ማልያ ደቡብ አፍሪካን ለምዶ፣ ኋላም ሕንድ ገብቶ በጥቅምት 12 ቀን 2014 እ.ኤ.አ የሕንድ ሱፐር ሊግን የመጀመሪያ ጎል በአትሌቲኮ ዴ ኮልካታ ማልያ አስቆጥሯል። ሳላዲን ሰይድ በግብፁ ዋዲ ደግላ በኩል ቤልጅየም ሊርስ ደርሶ፣ ከዚያ በ2014 እ.ኤ.አ ወደ ታላቁ አል አህሊ አምርቷል።

እነዚህን ጎን ለጎን ላስተዋለ አንድ ነገር ይታየዋል። ሽመልስና ሳላዲን በግብፅ መጀመሪያ የገቡት መካከለኛ ክለብ ውስጥ ነው። እዚያ ስህተት ይቅር ይባላል፤ በሳምንቱ ደግሞ ትሰለፋለህ። አቡበከር በአንድ እርምጃ የዘለለው ከኢትዮጵያ ሊግ ወደ 2016ቱ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ባለዋንጫ ነው። መሰላሉ ላይ ሦስት ደረጃ ዘለለ ማለት ነው። እግሩ ቢንሸራተት ጥፋቱ የእግሩ ብቻ ሊሆን አይችልም።

ታላላቆቹም ተደናግጠዋል

ለነገሩ በዓለም ላይ የዚህ ዓይነቱ ታሪክ ሞልቷል። የአርሰናል ደጋፊዎች አይረሱትም፤ ዴኒስ ቤርካምፕ በ1995 ከኢንተር ሚላን መጥቶ ሳምንታት ያለ ጎል ሲያልፉ የእንግሊዝ ጋዜጦች አልማሩትም። ጎል የከፈተው ሳውዛምፕተን ላይ ነው። በ1999 ከጁቬንቱስ የመጣው ቲየሪ ሄንሪም በመጀመሪያዎቹ ስምንት ጨዋታዎች አንድም አላገባም፤ የሚገርመው እሱም የከፈተው ሳውዛምፕተን ላይ ነው! ሄንሪ ክንፍ ላይ ይጫወት የነበረ ሰው ነው፤ አርሴን ቬንገር መሐል አጥቂ ሊያደርገው ሲነሳ ራሱም ያመነ አይመስልም ነበር። ዓመቱ ሲያልቅ 26 ጎል ነበረው፤ ከክለቡ ሲለያይም የአርሰናል የምንጊዜም ጎል አስቆጣሪ ሆኖ ነው።

በሌላ በኩል አንድሪ ሼቭቼንኮ አለ። የ2004 የወርቅ ኳስ አሸናፊ ሆኖ፣ በ2006 ከሚላን ወደ ቼልሲ በ30 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሄዶ፣ በሁለት ዓመት በፕሪሚየር ሊጉ ያገባው 9 ጎል ብቻ ነው። ዝላታን ኢብራሂሞቪች ደግሞ በ2009/10 በባርሴሎና ጎል አላጣም፤ ያጣው ቦታ ነው። ፔፕ ጓርዲዮላ ሊዮኔል ሜሲን ወደ መሐል ሲያመጣው ለዝላታን የቀረለት መሬት ጠበበ፤ ከአንድ ዓመት በኋላ ወደ ኤሲ ሚላን ሄደ።

ሄንሪን ከሼቭቼንኮ የለየው ምንድነው? ችሎታ ነው እንዳይባል ሼቭቼንኮ ከማንም አያንስም። ሄንሪ 22 ዓመት ሊሞላው ሲል መጣ፤ አሰልጣኙ ከሞናኮ ጀምሮ ያውቀው ነበር፤ ስምንት ጨዋታ ሲባክንም ተስፋ አልቆረጠበትም። አቡበከርም በ22 ዓመቱ ነው የሄደው። ስምንት ጨዋታ በተከታታይ ለመሳሳት የሚፈቅድለት ሰው ግን አላገኘም።

ትምህርቱ ለማን ነው?

ከአቡበከር ጉዳይ ትልቁን ትምህርት መውሰድ ያለበት አቡበከር ሳይሆን አገር ቤት ያለው እግር ኳስ ነው። እዚህ አንድ ተጫዋች በአንድና በሁለት ዓመት ኮንትራት ከክለብ ክለብ ሲዘዋወር ይኖራል። አሰልጣኞችም ወንበራቸው ሳይሞቅ ይነሳሉ። ዘንድሮ ረጅም ኳስ፣ ከርሞ አጭር ኳስ፣ በሦስተኛው ዓመት ደግሞ ምን እንደሆነ የማይታወቅ ነገር። በዚህ መሐል አንድ ልጅ «ጨዋታ» የሚለውን ነገር በስሜት እንጂ በትምህርት አያውቀውም። ካሳዬን የሚነቅፍ ይኑር እንጂ ቢያንስ ለልጆቹ ግልጽ የሆነ አንድ መንገድ አሳይቷቸዋል። ችግሩ አንድ መንገድ ብቻ የሚያውቅ ሰው አዲስ ከተማ ሲገባ መጥፋቱ ነው።

ፈተናው ደግሞ የግድ አየር ማረፊያ ሲደርሱ የሚጀምር አይደለም። ከምሥራቅ ጎጃሟ ደብረ ኤልያስ ወይም ከቢቸና ሜዳ ተነስቶ ባሕር ዳር ከተማ ላይ ለመሞከር የሚሄድ ታዳጊ ተመሳሳይ ነገር ይገጥመዋል። በሰፈሩ ኳስ ይዞ አራት ሰው የሚያልፈው ልጅ፣ እዚያ ሲደርስ «ሁለተኛውን ንክኪ ማን አዘዘህ?» ይባላል። ተስፋ ቆርጦ የሚመለሰው ከሚቀረው ይበልጣል። ልጁ ኳስ አያውቅም ተብሎ ይመዘገባል እንጂ ኳስ በስንት ዓይነት መንገድ እንደሚጫወት ያስተማረው ሰው አለመኖሩን የሚመዘግብ የለም።

ታዲያ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ ክለቦች አጥቂያቸውን ሲሸጡ ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን መድረሻውንም ማየት ይኖርባቸዋል። ልጁ የሚገባበት ቡድን ምን ዓይነት አጥቂ ይፈልጋል? ከፊቱ ስንት ሰው ተሰልፏል? ለጊዜው በውሰት የሚሰለፍበት ሌላ ክለብ አለ ወይ? እነዚህ በኮንትራት ጠረጴዛ ላይ መነሳት ያለባቸው ጥያቄዎች ናቸው። ወኪሉ የማይጠይቃቸው ከሆነ ክለቡ ይጠይቅ። ሁለተኛ፣ እንግሊዝኛና የታክቲክ ትምህርት ለተጫዋች ቅንጦት አይደሉም፤ እንደ ጫማው ያስፈልጉታል። ሦስተኛ፣ ደጋፊው። «ምን ነካው?» ብሎ ከመፍረድ በፊት ልጁ ምን ሠራ ተብሎ እንደተጠየቀ ማየት ደግ ነው።

በ2013 ዓ.ም የተቆጠሩት 29 ጎሎች የትም አይሄዱም፤ በመዝገብ ላይ ናቸው። እነሱን ያስቆጠረው እግርም ሆነ ፕሪቶሪያ ላይ የተቸገረው እግር የአንድ ሰው ነው። የተለየው ኳሷ ወደ እሱ የምትመጣበት መንገድ ነበር። ቀጣዩ ኢትዮጵያዊ አጥቂ አውሮፕላን ሲሳፈር ይህን አውቆ ከተሳፈረ፣ አቡበከር የከፈለው ዋጋ በከንቱ አልቀረም ማለት ነው።